«መናፍቅ ሆንክብኝ!» ካልትን በምን እናውቀዋለን?



አዴት ላይ በየሳምንቱ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ከምንሰበሰበው ጥቂት ሰዎች መካከል አንድ ወጣት ወንድም አለ። እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የሚኖሩ፣ ጾማቸውን የማያጓድሉ፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ከእኛ ጋር መሰብሰብ መጀመሩን የሰሙ ዕለት እንደ ሞተ ሰው አለቀሱለት። «ልጄ፣ መናፍቅ ሆንክብኝ! ምን አዙረውብህ ነው?» አሉት።

ይህ ወንድም አንድ ምሽት ከጥናቱ በኋላ ጥያቄ አለኝ አለ። «በስልኬ ስለ ካልት የሚያስተምር ሰማሁ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ስቈጥር ግማሹ እኛን ይመስላል። ጥቂት ነን፤ የምንሰበሰበው በሰው ቤት ነው፤ ጎረቤት አይወደንም፤ እኔም ከቤተሰቤ ተለይቻለሁ። እናቴ እውነቷን ቢሆንስ?»

ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም። ጥያቄው ከልብ የወጣ ነበርና። ቀጥሎም ስለ አክስቱ ልጅ ነገረን። ቡሬ የምትኖር አማኝ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በወንጌል ያደገች፣ ማንም መናፍቅ ብሏት የማያውቅ። ይህች እህት ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን የበርበሬ ገንዘብ በስልክ ለሚጸልይላት አንድ «ነቢይ» ልካ ጨረሰችው። ባሏ ሲጠይቃት «የተቀባውን አትንካ፣ ቤታችን ላይ መርገም ታመጣለህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሰላም የለውም።

እንግዲህ ከሁለቱ በካልት እጅ የወደቀው ማን ነው? እናቱ የሚያለቅሱለት ልጅ ነው ወይስ ማንም ያላለቀሰላት እህት? ለወንድማችን ያን ምሽት ችኩል መልስ ልንሰጠው አልፈለግንም። ይህን ያዘጋጀነው የአገራችንን ታሪክና የእግዚአብሔርን ቃል ጎን ለጎን አድርገን አብረን እንድንማር ነው።

ቃሉን አስቀድመን እንለይ

«መናፍቅ» የሚለውን ቃል አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በተለምዶ ግን ቃሉ እየሰፋ ሄዶ «የእኛ ወገን ያልሆነ» ማለት ሆኗል። ኦርቶዶክሱ ካቶሊኩን፣ ካቶሊኩ ጴንጤውን፣ አንዱ ጴንጤ ሌላውን በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁሉን የሚጠራ ቃል ማንንም ለይቶ አያሳይም።

ኑፋቄ የትምህርት ስሕተት ነው። ዛሬ ካልት የምንለው ግን ከትምህርት ስሕተት አልፎ የአያያዝ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በክርስቶስ ስም የሌላውን ሰው ኅሊና፣ ቤተሰብ፣ ገንዘብና ሕይወት ሲጨብጡ፣ የተጨበጠው ሰውም መጠየቅና መውጣት ሲያቅተው ካልት ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ትምህርቱ በወረቀት ላይ የቀና ሆኖ አያያዙ ካልት የሆነ ጉባኤ አለ። በትምህርት ከእኛ የሚለይ ሆኖ ሰውን በነፃነት የሚይዝም አለ።

ስም ስለ ወጣለት ብቻ ካልት አይሆንም

በ15ኛው መቶ ዘመን እስጢፋኖስ የሚባል መነኩሴ በትግራይ ተነሣ። ተከታዮቹ ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው በማስተማራቸው ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋጩ። ንጉሡ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ) የተማሩና ራሳቸውም መጻሕፍት የደረሱ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን መነኮሳቱን ፀረ ማርያም ብለው ከሰሷቸው። እስጢፋኖስ በእስር ሞተ። ከተከታዮቹም ብዙዎች ተገረፉ፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቈረጠ፤ ተወገሩ። እነርሱ ግን አልጠፉም። ማኅበራቸው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ቆየ፤ በኋላም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታረቀ። ገዳሙም በውብ የብራና መጻሕፍቱ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

አንዳንድ ወንጌላውያን እነዚህን መነኮሳት «የመጀመሪያዎቹ ጴንጤዎች» ሲሉ እንሰማለን። እንዲህ ማለት ልክ አይደለም። ሥርዐታቸው ጥብቅ የሆነ፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የኖሩ የኦርቶዶክስ መነኮሳት ነበሩ። ለእኛ የሚያስተምሩን ሌላ ነገር ነው፤ በጊዜው አብዛኛው ሰው አደገኛ ቡድን ናቸው ብሎ አምኖ ነበር። ብዛትና ሥልጣን ያወጣው ስም ግን ፍርድ አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በገዢው በፊልክስ ፊት ሲቆም ከሳሾቹ የኑፋቄ መሪ ብለውታል። እርሱም ኑፋቄ በሚሉት መንገድ የአባቶቹን አምላክ እንደሚያመልክ፣ በሕግና በነቢያት የተጻፈውንም ሁሉ እንደሚያምን መለሰ (የሐዋርያት ሥራ 24፥5-14)። ስሙን ለመፋቅ አልተሟገተም። ወደ ተጻፈው ቃል ነው ያመለከተው።

በእኛም ዘመን እንዲሁ ሆኗል። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ሲጀመር ስድብ ነበር። በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች የአምልኮ ፈቃድ ተከልክለው ታስረዋል። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገድለዋል። ስለዚህ ለወንድማችን መልሳችን ከዚህ ይጀምራል፤ ጥቂት መሆን፣ በቤት መሰብሰብ፣ በጎረቤት መጠላት ብቻውን የካልት ምልክት አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። መሰደድም የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይደለም። «ይጠሉናልና እውነት ከእኛ ጋር ናት» የሚል አነጋገር በካልቶች አፍ ላይ የተለመደ ነው። የሚቀጥለው ታሪክ ይህን ያሳየናል።

ክርስቶስ ነኝ ያለው ሰው

ከደቂቀ እስጢፋኖስ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በአማራ አገር ዘክርስቶስ የሚባል ሰው ተነሥቶ «እኔ ክርስቶስ ነኝ» አለ። ሰዎችም ተከተሉት። ንጉሡ አስገደሉት፤ ሞቱ ግን የቡድኑ መጨረሻ አልሆነም። ተከታዮቹ የራሳቸውን ካህናት ይዘው ቀጠሉ። ቍርባን ሲያቀብሉም የኢየሱስን ስም አውጥተው የዘክርስቶስን ስም አገቡ። በእመቤታችን ስም ፈንታ ደግሞ አመተ ወንጌል የምትባል ሴት እናቱ ተብላ ትጠራ ነበር።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቅዳሴው አልተተወም፤ ካህን አለ፤ ቍርባን አለ፤ የሚሰግድ ሕዝብ አለ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ነው። የተለወጠው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም ሁሉ ነገር የተንጠለጠለበት ስም ነው።

ሰዎቹ ሞኞች ነበሩ ብለን አንለፍ። ዘመኑን እንየው። የኢማም አሕመድ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543) አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ፣ ሕዝቡን በትኖ ያለፈው በአያቶቻቸው ጊዜ ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሲሞቱ ዙፋኑ ለዓመታት የጠብ ሜዳ ሆነ። ከዚያም የሃይማኖት ውዝግብ መጣ። የኢየሱሳውያኑ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በቤተ መንግሥት ከበሬታ አግኝቶ ነበር፤ በ1618 በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው እርሱ ነው። ንጉሡና ጎጃምን የገዛው ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ካቶሊክነትን ተቀበሉ። ሕዝቡ በአንድ ወገን ጳጳሱን፣ በሌላ ወገን ንጉሡን እያየ ግራ ተጋባ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

እረኞች ሲጣሉ በጎች ይበተናሉ። ለተበተነ ሰው «እዚህ ነኝ፣ እኔን ብቻ ስማ» የሚል ድምፅ ይጣፍጠዋል። ካልት የሚበቅለው የሰው አእምሮ በደከመበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሰው ልብ በቈሰለበት ዘመን ነው። ጌታችንም በመከራው ቀን «ክርስቶስ በምድረ በዳ ነው፣ በእልፍኝ ነው» የሚሉ እንደሚነሡ አስቀድሞ አስጠንቅቆናል (ማቴዎስ 24፥23-26)። ዛሬ በአካባቢያችን ስንቱ ቤት በጦርነት፣ በስደትና በኑሮ ውድነት ቈስሏል? የስልክ ነቢይ ገበያ የደራውም ስለዚህ ነው።

የትምህርት ክርክር ሁሉ ካልት አይደለም

ከዚያው ውዝግብ በኋላ በአገራችን ሊቃውንት መካከል ሌላ ክርክር ተነሣ። ቅባት፣ ተዋሕዶና ጸጋ የሚባሉት ወገኖች ስለ ክርስቶስ ልደትና መቀባት ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተከራከሩ። ጎጃም የቅባት ትምህርት ቤት ነበረች። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ስለ ጌታችን ማንነት ነውና አቅልለን አናየውም። ሆኖም ሊቃውንቱ ይጠቅሱ የነበረው አንዱን መጽሐፍ ነው፤ የሚናገሩትም ስለ አንዱ ኢየሱስ ነው። ከመምህራኑ አንዱም «በእርሱ ፈንታ እኔን አምልኩ» አላለም።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው ተዋሕዶ እንዲጸና ፈረዱ፤ አልቀበልም ካሉትም ምላሳቸው የተቈረጠ ነበሩ። ምላስ መቍረጥ ግን ልብን አይመልስም። ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስን በግርፋት አላጠፏቸውም፤ ሱስንዮስም ዘክርስቶስን በመግደል ትምህርቱን አልገደሉትም። ስሕተት የሚሸነፈው በቃሉ፣ በትዕግሥትና በፍቅር ነው።

ከዚህ የምንማረው በትምህርት የተለየንን ወንድም ሁሉ ካልት ብለን እንዳንጠራ ነው። ክርክር ባለበት መጠየቅ አለ። ካልት ውስጥ ግን ክርክር የለም፤ መጠየቅ ራሱ ኃጢአት ሆኗልና።

አምስት ጥያቄዎች

ለወንድማችን በወረቀት ጽፈን የሰጠነውን አሁን ለእናንተም እናካፍል። የራሳችሁን ጉባኤ፣ በስልክ የምትሰሙትን አገልጋይ፣ እኛንም ጭምር በእነዚህ ጥያቄዎች መርምሩ።

*አንደኛ፦ በክርስቶስ ቦታ የቆመው ማን ነው?* ዛሬ እንደ ዘክርስቶስ በግልጽ «ክርስቶስ ነኝ» የሚል ጥቂት ነው። ቦታውን ግን ሳይናገሩ መያዝ ይቻላል። የሰዎቹ ምስክርነት ሁሉ በኢየሱስ ስም ይጀምርና በአገልጋዩ ስም የሚያልቅ ከሆነ፣ የአገልጋዩ ፎቶ በቤት ግድግዳ ተሰቅሎ እየተጸለየበት ከሆነ፣ ያለ እርሱ ዘይትና ያለ እርሱ እጅ እግዚአብሔር አይሰማም ከተባለ ስሙ ተቀይሯል ማለት ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች በሰው ስም መጠራት በጀመሩ ጊዜ ጳውሎስ ስለ እነርሱ የተሰቀለው እርሱ እንዳልሆነ አስታወሳቸው (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥12-13)። እውነተኛ አገልጋይ ራሱን ከመንገድ ላይ ያነሣል።

*ሁለተኛ፦ መጠየቅ ይቻላል?* በኡጋንዳ ካኑንጉ በሚባል ቦታ አንድ ቡድን ነበር። አሥርቱን ትእዛዛት እንመልሳለን የሚል ነበርና ዓላማው ለሚሰማ ሰው መልካም ይመስላል። አባላቱ ግን በሐሰት እንዳይመሰክሩ ተብሎ እርስ በርስ እንኳ እንዳይነጋገሩ ተደርገው በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር። የማይነጋገር ሰው እንዴት ይጠይቃል? የቤርያ ሰዎች ግን ጳውሎስ የነገራቸው እንዲሁ ይሆንን ብለው መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተወቀሱም (የሐዋርያት ሥራ 17፥11)። «የተቀባውን አትንካ» የሚለውን ቃል ለዝም ማሰኛ የሚጠቀሙ ሁሉ ይህን ያስተውሉ፦ ዳዊት የተቀባውን ሳኦልን አልገደለም፤ በደሉን ግን በአደባባይ ነገረው። ነቢዩ ናታን የተቀባውን ዳዊትን ገሠጸ። ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃወመው። አለመንካት ማለት አለመጠየቅ አይደለም።

*ሦስተኛ፦ ትንቢቱ ሳይፈጸም ሲቀር ምን ይላሉ?* የካኑንጉ መሪዎች ዓለም እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ታልፋለች ብለው ነበር። ንብረታቸውን የሸጡ ሰዎች ነበሩ። ቀኑ መጥቶ አለፈ። መሪዎቹ «ተሳስተናል፣ ይቅር በሉን» አላሉም፤ ሌላ ቀን ቈረጡ። መጋቢት 2000 ላይ የተሰበሰቡበት ቤት በእሳት ጋየ፤ በዚያና በኋላ በተገኙት የጅምላ መቃብሮች በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ። ሙሴ ግን መመዘኛውን ቀድሞ ሰጥቶን ነበር፦ በእግዚአብሔር ስም የተነገረው ካልሆነ ነቢዩ በድፍረት ተናግሯል፤ አትፍሩት (ዘዳግም 18፥22)። ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራ ከሆነ አትስሙት ይላል (ዘዳግም 13፥1-3)። ስለዚህ ተአምር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

*አራተኛ፦ ቤቴና ንብረቴ ምን ሆኑ?* ኢየሱስ ሰዎች ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ ሲከለክሉ አይቶ በኃይል ገሥጿቸዋል (ማርቆስ 7፥9-13)። ወላጅን፣ ሚስትንና ልጅን በሃይማኖት ስም ማስራብ ከጥንት የነበረ ተንኰል ነው። በጎ የሆነው ነገር እንኳ በክፉ እጅ መሣሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ ከማሊንዲ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሻካሆላ ጫካ፣ ኢየሱስን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ ተብለዋል የተባሉ ሰዎች አስከሬን ከመቃብር ወጣ፤ ቍጥሩ ከ400 አለፈ። ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። እኛ በጾም ያደግን ሕዝብ ነን፤ ጾምን እንወዳለን። ነገር ግን የእግዚአብሔር ጾም የተራበውን ያበላል እንጂ ሕፃን አያስርብም (ኢሳይያስ 58)።

*አምስተኛ፦ በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል?* ጂም ጆንስ የሚባለው አሜሪካዊ ሲጀምር ለድሆች ምግብ የሚያበላ፣ ጥቁርና ነጭን አንድ ላይ ያስቀመጠ፣ በታወቀ ቤተ እምነት የተሾመ ሰባኪ ነበር። ብዙዎች የተከተሉት ስለ መልካም ሥራው ነው። በመጨረሻ ሕዝቡን ወደ ጋያና ጫካ ወሰደ። ኅዳር 1978 አንድ የአሜሪካ የምክር ቤት አባል መጥቶ መውጣት የፈለጉትን ይዞ ሊሄድ ሲል በጥይት ተገደለ። በዚያው ቀን ሕፃናትን ጨምሮ ከ900 በላይ ሰዎች፣ የሚበዙት በመርዝ፣ አለቁ። እንግዲህ «የታወቀ ቤተ እምነት ነው፤ በጎ ሥራ ይሠራል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ኢየሱስ ግን ብዙዎች ትተውት በሄዱ ጊዜ በር አልዘጋም፤ ለአሥራ ሁለቱም እናንተስ መሄድ ትወዳላችሁን ብሎ ጠየቃቸው (ዮሐንስ 6፥66-67)። መውጣት የማይቻልበት ቤት የኢየሱስ ቤት አይደለም።

ፍርዱ ከቤታችን ይጀምር

እነዚህን ጥያቄዎች ለቡሬዋ እህት ስናደርጋቸው መልሱ ግልጽ ሆነልን። ስሙ በየቦታው በሚሰማ አገልጋይ ፊት ተቀምጣለች፤ ትምህርቱን በወረቀት ብናየው ብዙ ስሕተት ላናገኝበት እንችላለን። አያያዙ ግን መጠየቅን ከልክሏል፤ ቤቷን ባዶ አድርጓል፤ ባሏን ጠላት አድርጎ አሳይቷታል። ጳውሎስ ባሪያ ሲያደርጓቸውና ንብረታቸውን ሲበሉባቸው የሚታገሡትን የቆሮንቶስ ሰዎች እያዘነ የወቀሰው ለዚህ ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 11፥20)። ለእርሷ ሄደን አልጮኽንባትም። ሁለት እህቶች ከእርሷ ጋር ተቀምጠው ቡና ጠጡ፤ የደረሰባትንም ሰሙ። ከካልት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚሰማውን ሰው ነው። ገና አልወጣችም፤ መጸለያችንንና መሄዳችንን አላቆምንም።

ጥያቄዎቹን ወደ ራሳችን ስናዞር ግን አንገታችንን ደፋን። አንዱን አልፈን አንዱን ወደቅን። በመካከላችን የሚመለክ ሰው የለም፤ ገንዘብ በግድ አንጠይቅም፤ ጥያቄ እንቀበላለን። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ያ ወጣት ወንድም ዝም ብሎ አየን።

ዝም ያለበትን እናውቃለን። ካመነ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ ወደ እናቱ ቤት ልሂድ ብሎ ጠይቆን ነበር። እኛም «ገና ጨቅላ ነህ፤ ያለቅሱብህና ይመልሱሃል፤ በዓሉን ከእኛ ጋር አሳልፍ» አልነው። ለነፍሱ የተጠነቀቅን መስሎን ነበር። እናቱ ግን በዚያ በዓል ለልጃቸው ያስቀመጡትን ቍራሽ ሥጋ ይዘው ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። «መናፍቅ ሆንክብኝ» ያሉትም ያን ጊዜ ነው። ለካስ እናቱ የፈሩት ትምህርታችንን ብቻ አልነበረም። ልጃቸው መቅረቱን አይተው ነው። የካልት ሥራ ሠርተን ሳለ ካልት አይደለንም ብለን ልናስረዳቸው አንችልም ነበር።

ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን።

ስለዚህ ወንድማችን ለጠየቀው «እናቴ እውነቷን ቢሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ስለ ወንጌሉ አይደለም፤ ስለ እኛ ግን በዚያች ነገር እውነታቸውን ነበር። አንድ ኅብረት ከካልት የሚለየው ፈጽሞ ባለመሳሳቱ አይደለም። ሲሳሳት የሚጠይቀው ሰው ስላለ፣ ተጠይቆም ስለሚመለስ ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ለእናቱ አክፋይ ይዞ እንዲሄድ አብረን አዋጣን። ከእኛም አንድ ሽማግሌ ሊከተለው ፈለገ፤ እርሱ ግን «የለም፣ ብቻዬን ልሂድ፤ ልጃቸው መሆኔን እንጂ ቡድን ይዤ መምጣቴን እንዳያዩ» አለን። ልክ ነበር። ሲመለስ ምን አሉህ ብለን ጠየቅነው። ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል አላወሩም። እናቱ በር ላይ ሲያዩት ምግብ አቀረቡ፤ ሲበላም ቁጭ ብለው አዩት። ሲወጣ ግን «ለፈረንጆቹ ዘመዶችህ ሳይሆን ላሳደሩህ ሰዎች ሰላም በልልኝ» አሉት። ለእኛ የተላከ የመጀመሪያው ሰላምታ ነው።

ወገኖች፣ መናፍስትን ሁሉ መርምሩ ተብለናል (1ኛ ዮሐንስ 4፥1)። ሌላውን ስንመረምር እጃችን አይቀልም፤ ራሳችንን ስንመረምር ግን ይከብደናል። ከሁለተኛው እንጀምር። በዚህ ሳምንት ከጉባኤያችሁ ወይም ከምትሰሙት አገልጋይ አንዱን ጥያቄ በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን ስትጠይቁ የሚሆነውንም ልብ በሉ። በእንዲህ ያለ እጅ የወደቀ ዘመድ ያላችሁም አትሳደቡ፣ በር አትዝጉ፤ ሄዳችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

በጎቹን በስማቸው የሚጠራ፣ ነፍሱን ስለ እነርሱ የሰጠ አንድ መልካም እረኛ አለን። ስሙ ኢየሱስ ነው። በእርሱ ቦታ ማንም አይቁም።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።